የፍቅር ፊልም በፍቅረኞች አይጀመር

መጻሕፍት ያቀፈች ወጣት እየተቻኰለች ትራመዳለች። ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ጎረምሳ ይገጫታል፤ መጻሕፍቱ ይበተናሉ፤ ሁለቱ ለማንሣት ሲያጎነብሱ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ወዲያው ዘፈን ይከተላል። ይህን አጀማመር ያላየ የፊልም ተመልካች አለ ለማለት ያስቸግራል።

አጀማመሩ የሚነቀፈው ስለ ተደጋገመ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥፋቱ ተመልካቹን በማያውቃቸው ሰዎች ደስታ እንዲደሰት ማዘዙ ነው። ልጅቱ ከማን ቤት እንደ ወጣች፣ ልጁ ምን ዕዳ እንዳለበት፣ ቢዋደዱ ማን እንደሚቈጣ የተነገረ ነገር የለም። የሚያስከፍለው ያልታወቀ ፍቅር ደግሞ ዋጋው አይታወቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትዕይንት ተግባር ፍቅረኞቹን ማስተዋወቅ ሳይሆን፣ ፍቅራቸው የሚጋፋውን ዓለም ማሳየት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በበዛብህና በሰብለ ወንጌል መተያየት አይጀምርም፤ በበዛብህ ወላጆች ይጀምራል። በዛብህ በብፅዓት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ኋላ ልቡ ሲሸፍት አብሮት ይጨነቃል።

«ልብ ወለድ ብዙ ገጽ አለው፤ ፊልም ግን ጊዜ የለውም» የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው «ካዛብላንካ» ለዚህ በቂ መልስ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በካርታና ከጦርነት በሚሸሹ ስደተኞች ጉዞ ነው። ቀጥሎ ፖሊስ ተጠርጣሪ ያፍሳል፤ ጊዜው ያለፈበት ወረቀት የያዘ ሰው ሲሸሽ፣ የማርሻል ፔታን ሥዕል ባለበት ግድግዳ ሥር በጥይት ይወድቃል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀው። ኢልዛ ወደ ሪክ ቡና ቤት የምትገባው ከፊልሙ ሩብ ያህሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሆኖም አንዲት የመውጫ ወረቀት የሰው ነፍስ እንደምታህል ተመልካቹ ስለተረዳ፣ መጨረሻ ላይ ሪክ ወረቀቱን ለሌላ ሲተው የተወው ምን እንደሆነ ያውቃል። በካርቱም ወይም በናይሮቢ ቪዛ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ሁለተኛው ሰበብ ገንዘብ ነው፤ እንዲህ ያለ አጀማመር የሆሊውድን ካዝና ይጠይቃል ይባላል። አይጠይቅም። ዴቪድ ሊን እ.ኤ.አ. በ1945 ያቀረበው «ብሪፍ ኢንካውንተር» የሚነሣው ከአንድ ባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ነው። ወንድና ሴት ተቀምጠዋል፤ አንዲት ለፍላፊ ወዳጅ መጥታ ጨዋታ ትጀምራለች፤ የሰውየው ባቡር ይደርሳል፤ የሴትየዋን ትከሻ ጫን አድርጎ ይወጣል። ሁለቱም ትዳር ያላቸው እንደሆኑና ያ መለያየት የመጨረሻቸው እንደነበረ የሚገለጠው በኋላ ነው። ስንብት እንኳ በወጉ እንዳይሰነባበቱ የከለከላቸው ዓለም በዚያች ወሬኛ ሴት ተመስሎ ቀርቧል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛና የታሰበበት ጽሑፍ ነው። ከተማን ከሰማይ ለማንሣት ድሮን የሚከራይ አዘጋጅ ጠረጴዛ አያጣም።

«ተመልካች ፍቅረኞቹን ቶሎ ማየት ይፈልጋል» የሚለው ሦስተኛው ክርክር በከፊል እውነት ነው፤ መገናኘትም መክፈቻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሪቻርድ ሊንክሌተር «ቢፎር ሰንራይዝ» (እ.ኤ.አ. 1995) እንዴት እንዳደረገው ልብ ይሏል። ባቡር ውስጥ ባልና ሚስት በጀርመንኛ ይጣላሉ፤ ሴሊን ጭቅጭቁን ሸሽታ ቦታ ስትቀይር ከጄሲ አጠገብ ትደርሳለች። ሁለቱ ቃል ከመለዋወጣቸው በፊት ፍቅር ሲያረጅ ምን ሊመስል እንደሚችል ታይቷል። ያ ጭቅጭቅ ባይኖር ኖሮ፣ የቀረው ሌላ የመጻሕፍት መበተን ብቻ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ደራሲ የመጀመሪያ ትዕይንቱን ጽፎ ሲያበቃ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ እነዚህ ሰዎች ቢዋደዱ ምን ያጣሉ? ተመልካቹስ ይህን ከምኑ ያውቃል? መልስ ከሌለው፣ ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢያምር ፊልሙ ገና አልተጀመረም።