ተመርማሪው ሐኪም፣ የሚገለጠው ታካሚ

በሐኪም ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ከአንድ ታካሚ ተነሥቶ፣ ስለ አቤቱታው ሰምተው በማያውቁ ብዙ ሰዎች ምስጢር ላይ ሊያርፍ ይችላል። በካሊፎርኒያ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት ታካሚ ሐኪሟ ክብደት እንድትቀንስ «የአምስት ጉርሻ» አመጋገብ እንደመከራትና ሕክምናውም ጥራት እንደጎደለው ገልጻ ለግዛቱ የሕክምና ቦርድ አመለከተች። የቦርዱ መርማሪ ግን በእሷ ጉዳይ አልተወሰነም። ኪዩርስ ከሚባለው የግዛቱ የመረጃ ቋት፣ ሐኪሙ ለሌሎች ታካሚዎቹም ያዘዛቸውን ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር አወጣ። ለዚህ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አልጠየቀም፤ መጥሪያም አላስፈለገውም።

ሐኪሙ ተከራክሮ፣ «ሊዊስ» በሚል የሚታወቀው ጉዳይ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘንድ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ቦርዱ ረታ። ዳኞቹ የታካሚዎቹን የግላዊነት ጥቅም አልካዱም፤ የግዛቱ ሕገ መንግሥትም ከ1972 ጀምሮ መብቱን በስሙ ጠርቶ ያስከብራል። ሆኖም ሕዝብን ከአደገኛ መድኃኒትና ከደካማ ሐኪም መጠበቅ ያመዝናል አሉ። በየምርመራው «አስቀድመህ በቂ ምክንያት አስረዳ» ማለት ሥራውን ያጓትታል፣ የማዘዣ ዝርዝርም የሙሉ ካርድን ያህል ገመና አያወጣም ሲሉም አከሉ። እኔን ያልተዋጠልኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በዚያው ምርመራ ቦርዱ የአምስት ታካሚዎችን ሙሉ የሕክምና መዝገብ በፈለገ ጊዜ በር ማንኳኳት ነበረበት፦ ሦስቱ ፈርመው ፈቀዱ፣ ለቀሩት መጥሪያ አስፈለገ። እነዚያን ሰዎች ከሌሎቹ ለይቶ ያወጣቸው ዝርዝር ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ተከፍቷል።

ዝርዝሩ ምን እንደያዘ እንይ። የታካሚው ስም፣ አድራሻና የትውልድ ቀን፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን፣ መድኃኒቱ የተሰጠበት ቀን አለበት። ቡፕረኖርፊን በየወሩ የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኦፒዮይድ ሱስ ለመላቀቅ የሚታገል ሰው ነው። አልፕራዞላም ጭንቀትን፣ ሜቲልፌኒዴት የትኩረት ችግርን ይጠቁማል። ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ባለሙያ ይህን ለማወቅ ካርድ አያገላብጥም፤ ማዘዣውን ማየት ይበቃዋል። የመድኃኒት ስም የበሽታ ስም ሆኖ በሚነበብበት ሁኔታ፣ «ዝርዝር እንጂ መዝገብ አይደለም» የሚለው ልዩነት ከወረቀት አያልፍም።

እዚህ ላይ ክብደት ያለው ተቃውሞ ይነሣል፦ ታካሚው ካልፈቀደ አይታይም ካልን፣ በዘፈቀደ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም በታካሚዎቹ ምስጢር ይከለላል። ሱስ የያዘው ታካሚም አቅራቢውን አሳልፎ አይሰጥም። እውነት ነው፤ አሜሪካ በኦፒዮይድ ካየችው እልቂት በኋላ ይህን ማቃለል ነውር ይሆናል። ስለዚህ የታካሚው ፈቃድ መፍትሔ ነው አልልም። የምለው መርማሪው በሁለት ደረጃ ይሂድ ነው። ሐኪሙ ከልክ በላይ ያዝዝ እንደሆነ ለማወቅ ስም አያስፈልግም፤ በስም ፈንታ የመለያ ቁጥር የተጻፈበት ዝርዝር መጠኑንም ድግግሞሹንም ያሳያል። አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ ስሙ ይገለጥ፤ ይገለጥ የሚለው ግን መርማሪው ራሱ ሳይሆን ምክንያቱን የሚመዝን ሌላ አካል ይሁን።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ መረጃው ከመርማሪዎች እጅ አይወጣም የሚል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 የኒውዮርክን የማዘዣ መዝገብ ሲያጸድቅ፣ ማዘዣዎቹ በአጥርና በማንቂያ ደወል በተጠበቀ ክፍል፣ ቴፖቹም በተቆለፈ ካቢኔ ይቀመጡ ነበር። ዛሬ ግን ፍለጋው ከወንበር ሳይነሡ የሚያልቅ ሥራ ነው። የሰዎቹ ጨዋነትም ሁልጊዜ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኢንዲያና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቶድ ሮኪታ፣ ከኦሃዮ ለመጣች ተደፍራ ላረገዘች የ10 ዓመት ልጅ የጽንስ ማቋረጥ ሕክምና የሰጡትን ዶክተር ኬትሊን በርናርድን መመርመር ጀመሩ። አቤቱታ ያቀረቡት ነገሩን ከዜና የሰሙ እንጂ የዶክተሯ ታካሚዎች አልነበሩም፤ ያም ሆኖ የሕክምና መዝገብ እንዲቀርብ መጥሪያ ተላከ። በሕግ በምስጢር መያዝ የነበረበትን ምርመራ ሮኪታ ለመገናኛ ብዙኃን ተናገሩት፤ አንዲት ዳኛም ሕግ ጥሰዋል አሉ። በ2023 የኢንዲያና የሕክምና ቦርድ በርናርድን «የታካሚዋን ምስጢር ጥሰዋል» ብሎ ገሥጾ 3,000 ዶላር ቀጣቸው። በዚያው ዓመት ሮኪታም በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይፋ ተገሠጹ። በሁለቱ ክስ መሃል ስለ ልጅቷ ገመና አገር ሁሉ ሲነጋገር ከረመ።

በኢትዮጵያ የጤና መረጃ ከካርድ ክፍል መደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ ነው። የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ የቀረበለትን አቤቱታ ለማጣራት ካርድ ማየቱ አይቀርም፤ ማየትም አለበት። እስከ ዛሬ የታካሚዎችን ገመና ከጠበቁት ነገሮች አንዱ፣ ማንም ያላቀደው ቢሆንም፣ የወረቀቱ አስቸጋሪነት ነበር፦ የአንድ ሐኪም ታካሚዎችን ካርድ በሙሉ ከመደርደሪያ ማውረድ የሳምንታት ልፋት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን አጥር ያፈርሰዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በግል ሕይወት መከበር ላይ ገደብ የሚፈቅደው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲወጣ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ ይሰጣል። የቀረው ዝርዝሩን መጻፍ ነው፦ ጠያቂው የማንን ካርድ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለምን እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያስረዳ፤ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዝገብ፤ ምርመራው ሲያልቅ ታካሚው መዝገቡ መታየቱ ይነገረው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል የሚል ይኖራል። ሐኪሙ ዛሬ ሰው እየጎዳ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ ካለ ፈቃዱን ለጊዜው ማገድ ይቻላል፤ ለዚያ ደግሞ የታካሚዎቹን ሁሉ ስም ማወቅ አያስፈልግም።