ዋስ ወይስ ምስክር?

ሰው በሰው አገር ሲኖር ገንዘብ ቢያጣ ሠርቶ ያገኛል፤ ቋንቋ ቢያጣ ተምሮ ያውቃል። «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚልለት ያጣ እንደ ሆነ ግን ከየትም ሊገዛው አይችልም። ነገሩ የተጋነነ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ በእንግሊዝ አገር ለሕፃን ልጅ ፓስፖርት ለማውጣት ስለምትጠየቀው አንዲት ፊርማ ጥቂት ላጫውተው።

በለንደን ከተማ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጁን አገኘ፤ ሴት ልጅ ናት። እናቱ ያሉት ደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜያቸው ስለ ገፋ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ባሕር ተሻግረው ሊሄዱ አይችሉም፤ መምጣት ያለባት ሕፃኗ ናት። በዚያ አገር ደንብ ሕፃንም ቢሆን የራሱን ፓስፖርት ይይዛል እንጂ በወላጁ ፓስፖርት ላይ ተጽፎ አይጓዝም። ወዳጄ ቅጹን ሞልቶ፣ የልደት ወረቀቱን አያይዞ፣ ፎቶግራፉን አዘጋጅቶ ሲያበቃ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሶ ቆመ። ወዲያውም «ከተፈቀደላቸው ሰዎች መካከል መምህር ይገኝበታል፤ አንተ መምህር ነህና ዋስ ሁነኝ» ሲል ጻፈልኝ።

ደንቡን አገላብጬ ተመለከትሁት። የብሪታንያ ፓስፖርት መሥሪያ ቤት ፓስፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠይቅ ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ 12 ዓመት ላልሞላው ልጅ ፓስፖርት በሚታደስበትም ጊዜ እንዲሁ ነው። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ስለ ሆነ፣ በተወለደበት ዓመት ያወጣና በየጊዜው የሚያሳድስ ልጅ 12 ዓመት ሳይሞላው ሦስት ጊዜ ምስክር ይፈለግለታል ማለት ነው። ማመልከቻው በወረቀት የቀረበ እንደ ሆነ ምስክሩ በቅጹ ላይ ይፈርማል፤ ከሁለቱ ፎቶግራፎችም በአንዱ ጀርባ መልኩ የዚያ ልጅ እውነተኛ መልክ መሆኑን በእጁ ጽፎ ፊርማውንና ቀኑን ያኖራል። በኢንተርኔት የቀረበ እንደ ሆነም በዚያው በኢንተርኔት ያረጋግጣል።

ምስክሩ ማን ይሁን? በቅጹ ላይ የፈረመውን ወላጅ ቢያንስ 2 ዓመት በአካል ያወቀ መሆን አለበት። የሥጋ ዘመድ ወይም አማች አይሆንም፤ በአንድ ቤት የሚኖርም አይሆንም። የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ፓስፖርት ሊኖረው ይገባል። ከዚህም ሌላ በሰፈሩ የተከበረ፣ ወይም ከታወቁት ሙያዎች በአንዱ የሚሠራ፣ ወይም ከዚያ ሥራ ጡረታ የወጣ መሆን ይኖርበታል። የሙያዎቹ ዝርዝር ረጅም ነው፤ መምህሩ፣ ጠበቃው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ፖሊሱና ጋዜጠኛው ከነርሷና ከሃይማኖት አገልጋዩ ጋር አሉበት። አስከሬን ገንዞ የሚያስቀብረውና የመጠጥ ቤት ፈቃድ ያለው ሰውም አልቀሩም። ሐኪም ግን የሚፈቀድለት አመልካቹን በወዳጅነት በደንብ የሚያውቀውና ከፎቶግራፉ በቀላሉ የሚለየው ሲሆን ብቻ ነው። እኔ እንደሚገባኝ፣ የሚፈለገው ማዕረጉ ሳይሆን ትውውቁ ነው፤ ሐኪም የሰውን ልብ ትርታ አዳምጦ ሰውየውን ላያውቀው ይችላልና።

እንግዲህ ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። መምህርነቴ ይበቃል፤ ትውውቃችንም ከሁለት ዓመት እጅግ ይበልጣል፤ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነውና አይሆንም።

ከዚህ በኋላ የሚያውቁትን ሰዎች መቁጠር ጀመረ። ወንድሙ አለ፤ ዘመድ ነውና ቀረ። ቤት የሚጋራው የአገሩ ልጅ አለ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራልና ቀረ። አብረውት ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱት ጓደኞቹ እንደ እርሱ የየአገራቸውን ፓስፖርት የያዙ ናቸው። አለቃው ደግሞ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። በስምንት ዓመት ውስጥ በሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር በአንድ ባቡር ተሳፍሯል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ከመካከላቸው አልነበረም። እዚህ ላይ ደንቡ የሚወቀስበት ነገር አለ። ባንክ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህች ፊርማ የአንድ ሻይ ዕረፍት ጉዳይ ናት፤ ሰው በተኛበት ሰዓት ለሚሠራ ስደተኛ ግን ከክፍያው ይልቅ የምትከብደው እርሷው ናት።

በመጨረሻ ፊርማው የተገኘው ከቅርብ ነው። ከደጁ ፊት ለፊት አንዲት ጡረተኛ ነርስ ይኖራሉ። ወዳጄና ባለቤቱ ከሦስት ዓመት ጀምሮ በየፋሲካው ከድፏቸው ቆርሰው ይወስዱላቸው ነበር፤ በረዶ ሲወርድም ደጃቸውን ይጠርግላቸዋል። ይህን ሲያደርጉ ፓስፖርት በሐሳባቸው አልነበረም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይሏል ይህ ነው። ሴትዮዋ እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙን የሚያውቁት ባጭሩ ነበር፤ የአባቱን ስም ፊደል በፊደል አስቆጠሩት። ስሙን አጥርተው ባያውቁትም ሰውየውን አጥርተው ያውቁት ነበር።

ይሁን እንጂ ሕፃኗን ሳያዩ አልፈርምም አሉ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ፎቶግራፍ ሲነሣ ዓይኑን መግለጥ ግዴታ አይደለምና፣ የልጅቱ ፎቶግራፍ ተኝታ ሳለች የተነሣ ነው። ሴትዮዋ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ፤ እስክትነቃ ጠበቁ፤ አገላብጠው አዩአት፤ ከፎቶግራፉ ጋር አስተያዩ፤ ከዚያ በኋላ መነጽራቸውን አስተካክለው ጻፉ። አባትዬው ይህን ጥንቃቄ በመጀመሪያ እንደ ጥርጣሬ ቆጥሮት ነበር። እኔ ግን ከፍ ያለ አክብሮት ሆኖ ታየኝ፤ ያች ሕፃን በሕይወቷ የመጀመሪያውን ምስክርነት ያገኘች ዓይን ከፍቶ ካያት ሰው ነውና።

ወዳጄ «ዋስ ሁነኝ» ያለው ቃልም ሊታረም ይገባዋል። በአገራችን ዋስ ማለት ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1920 ጀምሮ እንደሚደነግገው፣ ዋስ ማለት ባለዕዳው ግዴታውን ያልፈጸመ እንደ ሆነ እኔ እፈጽማለሁ ብሎ የገባ ሰው ነው። በቁጥር 1922 መሠረትም ዋስትና በግምት አይያዝም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋስ የተሆነበት ገንዘብ ከፍተኛው ልክ በውሉ ካልተመለከተም አይጸናም። ለገንዘብ ያዥ ወይም ለንብረት ጠባቂ ዋስ ሁኑ የምትባሉ አንባቢዎቼ ይህችን ቁጥር ልብ በሉ። የለንደኑ ምስክር ግን ስለ ማንም ዕዳ አይከፍልም። ያስያዘው ቃሉን ነው። ቃል ቀላል መያዣ እንዳይመስለን፣ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ ሕግ ለፓስፖርት ሲባል ሐሰት መሆኑን እያወቀ የመሰከረን ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ለእኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ለትምህርት ወደ ውጭ የምትሄዱ ወጣቶች፣ ሻንጣችሁን ካሳረፋችሁ በኋላ ጎረቤታችሁን ሰላም በሉ። ትውውቅ በችግር ቀን የሚጀመር ነገር አይደለም፤ ሁለት ዓመት ይፈጃልና። በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የያዛችሁ ደግሞ፣ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ በይሉኝታ አትፈርሙ። የማታውቁትን አላውቅም ማለት ክፋት አይደለም። የምታውቁትን ግን፣ ድሃም ቢሆን፣ ሥራ ቢበዛባችሁም፣ ነገ ተመለስ አትበሉት። የእናንተ አንዲት ደቂቃ ለእርሱ የአንድ ዓመት መንገድ ልትሆን ትችላለች።