ካማሮን የገደለው ገዢው አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2023 ዲሴምበር ላይ ሁለት ስመ ጥር መኪኖች በአንድ ወር ውስጥ ተሰናበቱ። ሚሺጋን፣ ላንሲንግ ካለው ፋብሪካ የመጨረሻው ሼቭሮሌት ካማሮ ወጣ። ካናዳ፣ ብራምፕተን ካለው ፋብሪካ ደግሞ የመጨረሻው ዶጅ ቻሌንጀር ወጣ። አሜሪካኖች መስል ካር ከሚሏቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲፎካከሩ ከኖሩት ሦስት ጡንቸኛ መኪኖች መካከል መስመሩ ሳይቋረጥ የቀረው ፎርድ ሙስታንግ ብቻ ሆነ።

ለቅሶ ላይ ደግሞ ጥፋተኛ መፈለግ የተለመደ ነው። የካማሮ ወዳጆች ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙም አልደከሙም፤ ገዢው ነው አሉ።

ክሱ ባጭሩ ይህ ነው። ስድስተኛው ትውልድ ካማሮ ከሦስቱ ምርጡ ነበር። ክብደቱ ቀላል ነው፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ኩርባ ላይ መንገዱን ነክሶ ይሄዳል። ሞተር ትሬንድ የተባለው ታዋቂ መጽሔትም የ2016 የዓመቱ መኪና ብሎ ሸልሞታል። ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ያረጀውን፣ የከበደውን፣ ወንበሩ የሳሎን ሶፋ የሚመስለውን ቻሌንጀር ገዛ። ስለዚህ ሕዝቡ መኪና አያውቅም፤ መልክና ድምፅ አታለውት ጥሩውን መኪና ገደለ።

ይህ ክስ ውሸት ነው። ያውም የተለመደ ውሸት። ነጋዴ ዕቃው አልሸጥ ሲለው ገበያተኛውን የሚሰድብበት ዓይነት።

ቁጥሩ ይኸውና። በ2022 አሜሪካ ውስጥ 55 ሺህ ገደማ ቻሌንጀር ተሸጧል። ሙስታንግ ከ47 ሺህ በላይ። ካማሮ 25 ሺህ እንኳ አልሞላም። ከሳሾቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ትንሽ ወደ ኋላ ቢሄዱ ግን የማይመቻቸው ነገር ያገኛሉ፤ ከ2010 እስከ 2014፣ አምስት ዓመት በተከታታይ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሙስታንግ በላይ የተሸጠው ራሱ ካማሮ ነበር። ያኔ ገዢውን አላዋቂ ያለው ማንም የለም። እርግጥ ነው፣ ነፋሱም ይነፍስለት ነበር። በ2007 የወጣው ትራንስፎርመርስ ፊልም ቢጫውን ካማሮ ለአንድ ትውልድ ልጆች ጀግና አድርጎላቸዋል። ቢሆንም ገዢው ያው ገዢ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ተሰብስቦ ጣዕሙ ጠፋበት?

የጠፋው ጣዕም አይደለም። የጠፋው መስኮት ነው።

አምስተኛው ትውልድ ካማሮም መስኮቱ ጠባብ ነበር። ሰው ለአዲስነቱ ሲል ይቅር አለው። ጄነራል ሞተርስ ይህን ይቅርታ እንደ ምስጋና ቆጠረው። ስድስተኛውን ሲሠራ ከካዲላክ ኤቲኤስ ጋር በሚጋራው መሠረት ላይ አቆመው፣ ከመቶ ኪሎ ያላነሰ ክብደት ቀነሰለት፣ አካሉን አሳጠረ። እስከዚህ ድረስ የመሐንዲሶቹ ሥራ የሚደነቅ ነው። መስኮቱን ግን እንደ ምሽግ ቀዳዳ አድርጎ ተወው። በሩ እስከ ትከሻ ይደርሳል፣ ጣሪያው ይጫናል፣ የኋላው መስታወት ስንጥቅ ያክላል። ገዢው ለዓመታት አላይም እያለ ሲጮህ ኩባንያው ኩርባ ላይ ስለሚገኘው ፍጥነት ያወራ ነበር።

አሁን ሦስቱን በአንድ ቀን የሚሞክር ሰው ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

ካማሮ ኤስኤስ ባለ 6.2 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 455 የፈረስ ጉልበት ነው። ክብደቱ 1,700 ኪሎ አይሞላም። ነዳጁን ሲረግጡት ሰውነትን ከወንበር ጋር ያጣብቃል፤ መሪው እጅ ላይ ይናገራል። ሙስታንግ ጂቲ ባለ 5 ሊትር ነው፣ በ2018 ሞዴሉ 460 ጉልበት ነበረው፤ ሞተሩ ወደ ላይ ሲወጣ ይዘፍናል። ቻሌንጀር በ6.4 ሊትር ሞተሩ 485 ጉልበት ያወጣል፤ ግን ወደ 1,900 ኪሎ የሚጠጋ ሬሳ ተሸክሞ ነው። መሠረቱም ክራይስለር ከጀርመኑ ዳይምለር ጋር ተጋብቶ በነበረበት ዘመን የተጣለ ነው። ኩርባ ላይ እንደ መርከብ ያዘነብላል። ሰዓት ይዞ ለሚፈርድ ሰው ነገሩ ያለቀ ነው፤ ካማሮ አንደኛ፣ ሙስታንግ ሁለተኛ፣ ቻሌንጀር ሦስተኛ።

ግን የሙከራው ጉዞ ስንት ደቂቃ ነው? ሃያ። ቢበዛ ሠላሳ። መንገዱን የሚመርጠው ሻጩ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያልተጨናነቀ፣ አስፋልቱ ያልተቦረቦረ። ገዢውም ከሃያው ደቂቃ አብዛኛውን ነዳጅ በመርገጥ ያሳልፈዋል። ብድሩ ግን አምስትና ስድስት ዓመት የሚከፈል ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የሚባለው ለዚህ ነው።

በእነዚያ ስድስት ዓመታት መኪናው የሚውለው የት ነው? ዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሰው በ495 ቀለበት መንገድ ላይ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ መካከል እየተንፏቀቀ ነው። ፍሪሲዮን ያለው ከሆነ ግራ እግሩ ይመሰክራል። ከጎን የሚመጣው መኪና ከካማሮው ሰፊ የኋላ ምሰሶ በስተጀርባ ይሰወራል። ወደ ኋላ ሲወጡ ከአንገት ይልቅ የሚያገለግለው ካሜራው ነው፤ ከሜይ 2018 ወዲህ ካሜራ በአሜሪካ ሕግ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኗል። ካሜራ በጭቃና በበረዶ ሲሸፈን ግን ምሽጉ ውስጥ ያለው ሰው ብቻውን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ባለ አንድ መኪና አበሻ ወጣት ይኑር እንበል። እሁድ ጠዋት እናቱንና እህቱን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ካማሮ ከሆነ ከኋላ የምትቀመጠው ጉልበቷን አገጯ ድረስ ታስጠጋለች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ስትገባና ስትወጣ ማየት የራሱ ትርኢት ነው። ሦስቱም ባለ ሁለት በር ናቸውና የትኛውም ምቹ ነው አይባልም። ካማሮና ሙስታንግ ግን አራት ሰው ሲይዙ ቻሌንጀር አምስት ይይዛል፤ ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ ሳይረግም ቤቱ ይደርሳል። የዕቃ መጫኛው 459 ሊትር ነው። የሙስታንግ 382። የካማሮ 258፣ ያውም አፉ ጠቦ። ከዳላስ አየር ማረፊያ እንግዳ የተቀበለ፣ ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ጭኖ የመጣ ሻንጣ ያነሳ ሰው ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አዋቂ ነን ባዮቹ እነዚህን ነገሮች እንደ አሮጊት ጥያቄ ነው የሚያዩዋቸው። ጡንቸኛ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ሻንጣ አይጠይቅም ይላሉ። ታሪኩን ረስተውታል። ሙስታንግ በኤፕሪል 17፣ 1964 ሲመረቅ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር፤ ከሥሩ ያለው ፋልከን የሚባል ተራ የቤተሰብ መኪና ነው። ከይፋዊው ቀን ሁለት ቀን ቀድማ የገዛችው የመጀመሪያዋ ደንበኛ የቺካጎ አስተማሪ ነበረች። በመጀመሪያው ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠ። ይህን ሁሉ የገዛው የእሽቅድምድም ነጂ ነው? አይደለም። አስተማሪው፣ ጸሐፊዋ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ነው። ረጅም ኮፈን፣ አጭር ጅራት፣ አቅም የሚፈቅደው ዋጋ፣ ሰኞ ሥራ የሚያደርስ። ጄነራል ሞተርስ ራሱ በ1966 መጨረሻ ካማሮን ይዞ የመጣው ይህንኑ ገበያ ሊቀማ ነው። ክራይስለርም ለ1970 ቻሌንጀርን ሲያወጣ እንዲሁ።

ሌላ መከራከሪያም አላቸው። ካማሮን የገደለው የልቀት ደንብ፣ የኤሌክትሪክ ዘመን፣ የሕዝቡ ወደ ረጃጅም መኪኖች መዞር ነው ይላሉ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ግን ሙስታንግ የኖረው በሌላ ፕላኔት ላይ ነው? ያው ደንብ፣ ያው ገበያ ነው። ፎርድ ሙስታንግን ከ2015 ጀምሮ ቀኝ መሪ አድርጎ ለእንግሊዝና ለአውስትራሊያ ሸጠ፤ ጄነራል ሞተርስ ካማሮን ከፋብሪካው ቀኝ መሪ አድርጎ አላወጣም። ፎርድ ማርሚታውን ዝም የሚያሰኝ ቅንብር እንኳ አበጀ። ሐሳቡ የመጣው የድርጅቱ አንድ መሐንዲስ መኪናውን ሲያስነሳ ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶበት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን መኪናው ከመንገድ ውጪም ሰፈር እንዳለው ያሰበ ሰው ሥራ ናት።

ይህ ሁሉ ለቻሌንጀር ጥብቅና አይደለም። ቻሌንጀር ቤንዚን ይጠጣል፣ ፍሬን ላይ ክብደቱ ይታወቃል፣ ኃይለኛ ሞተር ያላቸው ዓይነቶቹ ደግሞ የሌባ ዓይን ማረፊያ ናቸው፤ ከወንድሙ ከቻርጀር ጋር ከስርቆት ዝርዝር አናት አይጠፋም። የኢንሹራንስ ጥያቄው ከመኪናው ዋጋ በፊት መጠየቅ አለበት። ከዚህ የባሰም አለ። በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2023 ባወጣው የአሽከርካሪዎች ሞት ዝርዝር፣ ከከፉት መካከል እነዚህ ጡንቸኞች በየዓይነታቸው ተሰልፈዋል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የሚገዛለት አባት፣ ሦስቱ ላይ ከመከራከሩ በፊት አራተኛ ምርጫ ቢፈልግ ማንም አይስቅበትም።

ዶጅ በቻሌንጀር ምትክ ያመጣው የኤሌክትሪክ ቻርጀር ደግሞ የሞተር ድምፅ በድምፅ ማጉያ እየፈጠረ ይጮሃል። ሞተር የለም፣ ጩኸት አለ። ሙከራው ላይ ማን እንደሚታለል በዚህ ይታወቃል። ኢትዮጵያ ያለው ወጣት ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ መኪና ማስገባት ስለተከለከለበት ክርክሩን የሚከታተለው በዩቲዩብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ የሚያሳይ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ጎማ ያጨሳል።

ለሚገዛ ሰው እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ሌላ መኪና ያለው፣ ብቻውን የሚነዳ፣ ቅዳሜ ወደ ተራራማ መንገድ የሚወጣ ሰው ያገለገለ ካማሮ ኤስኤስ ይግዛ፤ በገንዘቡ ከዚያ የተሻለ መኪና አያገኝም። ልጅና ሻንጣ ያለው፣ ለስርቆቱና ለነዳጁ የተዘጋጀ ሰው ቻሌንጀር ቢወስድ ማንም አላዋቂ ሊለው መብት የለውም። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ሙስታንግ ጂቲ ይያዝ።

ሙከራው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ሲመሽ፣ ቢቻል ዝናብ እየጣለ ይሁን። ሻጩ ከጋቢናው ወርዶ ይጠብቅ። ገዢው ካሜራውን በእጁ ሸፍኖ፣ በስፖኪዮና በአንገቱ ብቻ፣ በሁለት መኪኖች መካከል ወደ ኋላ ገብቶ ያቁም። ከዚያ ወንበሩን አጥፎ ከኋላ ይቀመጥና አምስት ደቂቃ ይቆይ። ሻጩ ይህን አልፈቅድም ካለ ሌላ መሸጫ አለ።