በመሬት ሆድ ያለ ሀብት

መሬት በላይዋ የምታበቅለውን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ በሆድዋ የሰወረችውን ግን የሚያውቀው መርምሮና ቈፍሮ የደረሰበት ብቻ ነው። በወሎ፣ በወረኢሉ አገር፣ ነዳጅ ዘይት ከድንጋይ መካከል ሲንጠባጠብ ታይቷል። ስለዚህ የወልድያና የመርሳ ሰው «በእኛስ አገር እንዲህ ያለ ሀብት አይገኝምን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስነቅፈውም።

ነገር ግን የዘይት መንጠባጠብ ምልክት ነው እንጂ ጐተራ አይደለም። ነዳጅ ዘይት እንደ ሐይቅ ተጠራቅሞ የሚቀዳ ሳይሆን፣ በድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰርጎ፣ የማያሳልፍ ድንጋይ በላዩ ሲከድነው የሚቈይ ነው። ከዚህም በላይ የሰሜን ወሎ ምድር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቍር ድንጋይ ስለ ተሸፈነ፣ ከበታቹ ያለውን መመርመር እጅግ አድካሚ ነው።

የኦጋዴን ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ኢትዮጵያ ከሲንክሌር ኩባንያ ጋራ የነዳጅ ፍለጋ ውል የተዋዋለችው በ1945 ዓ.ም. ነው፤ በካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1973፣ የመጀመሪያው የጋዝ ማምረቻ የተመረቀው ደግሞ በ2025 ነው። ከውሉ እስከ ምርቃቱ 80 ዓመት አለፈ። ጋዙ በተገኘበት በዚያው በ1973 የወሎ ሕዝብ በድርቅና በረኃብ ያልቅ እንደ ነበር ሊረሳ አይገባም።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይባላል። ከቆቦ እስከ ሀብሩ በተዘረጋው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ሥር የተኛው ውሃ፣ ገና የሚፈለግ ሳይሆን የታወቀ ሀብት ነው። በጥልቅ ጕድጓድ ወጥቶ በመስኖ ሲሠራበት፣ ዝናብ በቀረ ዓመት እንኳ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ እህልም ያስገኛል። ሆኖም ይህ ውሃ መጠን አለው፤ ዝናብ ከሚተካው በላይ ከተቀዳ እየራቀ ይሄዳል። እንግዲህ የየጕድጓዱን ውሃ ከፍታ በየጊዜው መለካትና መመዝገብ፣ የቀጂውንም ድርሻ መወሰን የሹማምንትና የገበሬዎች የጋራ ግዴታ ነው።

ወደ ፊት የነዳጅ መቈፈሪያ ወደዚህ አገር ቢመጣ እንኳ፣ ጕድጓዱ በብረት ቧንቧና በሲሚንቶ በደንብ ካልታሸገ ዘይቱ ውሃውን ሊያበላሸው ይችላል። ይህን ጠይቆና መርምሮ የሚቈጣጠር፣ የመሬትንና የውሃን ዕውቀት የተማረ የአገር ልጅ ያስፈልጋል። የወልድያና የመርሳ ወጣቶች ይህን ዕውቀት ዛሬውኑ ቢይዙ ውሃውን ይጠብቃሉ፤ ነዳጅ ቢገኝም የባዕድ ሥራ ተመልካቾች ሆነው አይቀሩም።