ከጆንያው አፍ ገብስ፣ ከሥሩ ገለባ

በኅዳርና በታኅሣሥ ወር አሰላ እህል ተራ የቆመ ሰው አንድ ነገር ይማራል። ከጢዮ፣ ከዲገሉና ጢጆ፣ ከሌሙና ቢልቢሎ የሚመጣው ገብስ ዋጋው የሚቆረጠው ከጆንያው አፍ በሚታየው አይደለም። ገዢው እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ከሥር ያለውን ያወጣል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይልበታል፤ አንዲቱን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ስለ ዋጋ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ገብስ ሳይሆን ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ነው። “ድራማ በገበያ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተከታታይ ድራማ ሸቀጥ ነው። አዘጋጁ የተመልካቹን ዓይን ሰብስቦ ማስታወቂያ ለሚያሠራው ነጋዴ ይሸጣል። ዕቃው ሲበላሽ እንግዲህ የሚያዝነው ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን ያወጣው ነጋዴም አብሮ ይከስራል።

“ሰው ለሰው” በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ጊዜ አሰላ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ አይቻለሁ። ወንበር የሚገኘው ቀደም ብሎ ለመጣ ነበር። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ብቅ ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል፤ አስተናጋጇ ሳትቀር ትሪዋን እንደያዘች ትቆማለች። ከብዙ ወራት በኋላ ወደዚያው ቤት ስመለስ ድራማው እየታየ ሰዉ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ያወራል። አንዱ ቀና ብሎ “ይኼ አስናቀ ዛሬም አልተያዘም እንዴ?” ቢል፣ ከጥግ የተቀመጡ አዛውንት “ስፖንሰሩ ሲያልቅ ይያዛል፣ አትቸኩል” አሉት። ቤቱ በሳቅ አወካ።

እውነቱን ለመናገር “ሰው ለሰው” ባለውለታ ነው። በ2006 ዓ.ም. እስኪጠናቀቅ ድረስ ከ100 በላይ ክፍሎች ታይተዋል፤ በሀገር ልጅ የተሠራ ተከታታይ ድራማ ሕዝብን በየሳምንቱ መሰብሰብ እንደሚችልም ያስመሰከረ ሥራ ነው። የቅሬታው ምንጭም ይኸው ፍቅር ነው። ባልወደደው ነገር ማን ያዝናል?

አዛውንቱ በቀልድ የተናገሩት ግን የገበያውን ሕግ ነው። የድራማው ገቢ በማስታወቂያ ላይ ከቆመ፣ ታሪኩን መጨረስ ማለት ሱቅ መዝጋት ማለት ይሆናል። ስለዚህ ታሪኩ ይጎተታል። አንድ ደቂቃ ይበቃው የነበረ የስልክ ንግግር አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ጎረቤት ሁሉ ያወቀው ምሥጢር ከአንድ ሰው ብቻ ወራት ሙሉ ይደበቃል። ደራሲው የሚቀጥለውን ክፍል የሚጽፈው ያለፈው እየታየ ነውና መጨረሻውን አስቦ የሚሠራበት ፋታ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

“ተመልካቹ እስካየው ድረስ ለምን ይቆማል?” የሚሉ አዘጋጆች አሉ። ነጋዴ ግን ይህን ክርክር በደንብ ያውቀዋል። በልማድ የሚመጣ ደንበኛ ሌላ ሱቅ እስኪከፈት ብቻ የሚቆይ ደንበኛ ነው። ሌላው ሱቅ በ2008 ዓ.ም. ተከፈተ። ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ ማሳየት ሲጀምር፣ የጥበብ ሰዎች የሀገር ውስጡን ሥራ ይገድልብናል ብለው ጮኹ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ይሁንና አንድ ነገር ሳይነገር ቀረ። ከቱርክ የመጣው ድራማ እዚህ ሲደርስ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ነው። ስንት ክፍል እንዳለው፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ገዢው አስቀድሞ ያውቃል። የእኛው ግን ገና እየተሠራ የሚሸጥ ነው።

ችግሩ በገንዘብ ማነስ ብቻ የሚመጣም አይደለም። “ጌም ኦቭ ትሮንስ” የተባለው የአሜሪካኖቹ ድራማ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር የተነሣው ከጆርጅ ማርቲን ልብ ወለድ መጻሕፍት ነበር። ድራማው መጻሕፍቱን ቀድሞ ሄደ፤ የደራሲው መጨረሻ ገና አልተጻፈም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. 8ኛው ምዕራፍ ሲጠናቀቅ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደገና ይሠራልን ብለው ፈረሙ። ያን ሁሉ ወጪ ያወጣ ኩባንያም ያልተጻፈ መጨረሻን በብር ሊገዛው አልቻለም።

መፍትሔውን ፍለጋ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈውን “የቀን ቅኝት” የሚያስታውሱ አንባቢያን ብዙ ናቸው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት፤ በዚያው ጊዜ በአፋን ኦሮሞ የቀረበው “ዲምቢባ” ደግሞ 140። የባለታሪኮቹ አካሄድ አስቀድሞ ተጠንቶ የተሠራ ነበር። አድማጮች በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጻፉ። ሁለቱም ድራማዎች ታሪካቸውን ተናግረው አበቁ። 257 ክፍል አጭር አይደለም። ስለዚህ ርዝመት በራሱ ጥፋት አይሆንም፤ ጥፋቱ ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ መርዘም ነው።

“የተወደደውን እንዴት እናቁመው?” ለሚል፣ የአርሲ ገበሬ መልስ አለው። በ1987 ዓ.ም. የተለቀቀው ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ለዓመታት የገበሬው ምርጫ ነበር። በ2002/2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ሲነሣ ግን ያ ተወዳጅ ዘር መቋቋም አቃተው። ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ባለሙያዎች ሥራቸው ያረጀውን ዝርያ በግድ ማቆየት ሳይሆን ተተኪውን ማዘጋጀት ነው። ድራማም እንዲሁ ነው። የተወደደ ታሪክ በክብር ይዘጋ፤ ያው ደራሲ፣ ያው ተዋናይ በአዲስ ታሪክ ይመለስ። ተመልካቹ የአዘጋጁን ስም ይዞ ይጠብቀዋል። ስም ደግሞ በንግድ ዓለም ከአንድ ዓመት የማስታወቂያ ገቢ የሚበልጥ ካፒታል ነው።

በበኩሌ ስፖንሰር የምትሆኑ ነጋዴዎች ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ እላለሁ። ክፍሎቹ ስንት ናቸው? የመጨረሻው ክፍል ተጽፏል ወይ? መልስ ካገኛችሁ ቀብዱን ስጡ፤ ከሒሳቡ ጥቂቱን ግን የመጨረሻው ክፍል በተባለው ጊዜ ሲታይ የሚከፈል አድርጉት። ቤት የሚያሠራ ሰው ጣሪያው ሳይመታ ሙሉ ክፍያ አይከፍልም። አዘጋጁም ቢሆን ተጠቃሚ ነው፤ የመጨረሻውን ክፍል መሥራት ገቢ የሚያስገኝለት ከሆነ ታሪኩን የሚጎትትበት ምክንያት ይቀንሳል።

እስከዚያው የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ብቻ አይታችሁ ብር አታውጡ። እጅጌያችሁን ሰብስቡና እንደ አሰላው እህል ገዢ እጃችሁን ወደ ጆንያው ሥር ክተቱ።