ከሙጫው በፊት

በዚህ ክረምት ልጄ ከሜሪላንድ መጥታ ነበር፤ የ13 ዓመት ልጇን ይዛ። በደረሱ ማግስት የልጅ ልጄ «እማማ፣ ውሃ ስጠኝ» አለኝ። «ስጠኝ አይባልም፤ ስጪኝ በል» ብዬ አረምኩት። ሌላም ሲናገር አረምኩ። ከዚያ በኋላ «እሺ» እና «አይ» ብቻ ሆነ መልሱ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ስጠይቅ እሱ ራሱን ሲነቀንቅ አለፈ። ዝናቡም ከቤት አላስወጣ አለን።

አንድ ቀን ከሻንጣው ካርቶን አወጣ። ውስጡ ግራጫ የፕላስቲክ ፍሬሞች አሉ፤ በየፍሬሙ ላይ ክንድ፣ እግር፣ ጋሻና ጎራዴ ተያይዟል። ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለው የእንግሊዙ የኖቲንግሃም ኩባንያ የሚያወጣው «ዋርሃመር» የሚባል የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ወታደሮቹን ራሱ ገጣጥሞና ቀለም ቀብቶ ያሰልፋል። የእኛው ልጅ ሠራዊት ግን አጽም ነው! እናቱ ፊቷን አዞረች። እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ነኝና አጥንት አያስፈራኝም፤ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ችግሩ ወዲያው መጣ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ሙጫ ፕላስቲኩን በጥቂቱ አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል አንድ የሚያደርግ ነው፤ እስኪደርቅ ድረስም ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ይዞት አልመጣም። ከሰፈር ሱቅ ሱፐር ግሉ ገዛን። እሱ ደግሞ በሰከንዶች ይይዛል፤ አንዴ ከተሳሳቱ መመለሻ የለውም። የመጀመሪያው አጽም ክንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ቀረ። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ካርቶኑን ሊዘጋ ተነሣ።

«ቆይ፣ ሙጫውን አስቀምጠው» አልኩትና የቁስል ፕላስተር አመጣሁ። በቀጭኑ እየቆረጥን እያንዳንዱን ክፍል መጀመሪያ ያለ ሙጫ አያይዘን አየን። ክንዱ ጋሻውን ሲይዝ ደረቱን ይገፋል? ራሱ ቀድሞ ከገባ ጎራዴው ቦታ ያገኛል? ቅደም ተከተሉን ካወቅን በኋላ ነው ወደ ሙጫው የሄድነው፤ እሱንም በስቴኪኒ ጫፍ፣ በጠብታ። ክፍሎቹን በእጅ መገንጠል ስለሚሰብራቸው በጥፍር መቁረጫ ራቅ አድርገን ቆረጥን፤ የተረፈውን በጥፍር ሞረድ አለሰለስን።

መመሪያው ሥዕልና ቁጥር ብቻ ነው፤ ቃል የለውም። እሱ ቁጥሩን ሲፈልግ እኔ ስሙን እነግረዋለሁ፦ የራስ ቅል፣ አከርካሪ፣ የጎን አጥንት፣ የጭን አጥንት። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ «እማማ፣ የጭን አጥንቱን አቀብለኝ» አለኝ። «አቀብዪኝ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና አቀበልኩት። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ በተሰባበረ አማርኛ አወራኝ።

አያቶች ሆይ፣ ማረም ክፉ ነው አልልም፤ ጊዜ አለው እንጂ። ልጁ መጀመሪያ ያለ ሙጫ ይሞክር።

ይህን ዓይነት ሥራ በቤታችሁ የምትፈቅዱ ሁሉ ደግሞ እነዚህን ያዙልኝ። መስኮት ክፈቱ። ጥቃቅኑን ክፍል ሕፃን ከሚደርስበት አርቁ፤ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ሱፐር ግሉ ጣት ከጣት ካጣበቀ አትጎትቱ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ ቀስ በቀስ አላቁ። የፈሰሰውን በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ጥጥ ሲነካ ግሎ ሊያቃጥል ይችላል። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡና የዓይኑን ቆብ በግድ ሳትከፍቱ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሲሄዱ አጽሞቹን አንድ በአንድ በሶፍት ጠቅልሎ አሸገ። ክንዱ የዞረውን ግን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመልኝ።

«እማማ፣ ይሄ ያንተ ነው» አለኝ።

ያንንም አላረምኩም። የሳምንት ሰው ይበለን።