ከአርባው በኋላ የሚጠራ ጠበቃ

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ሞት አስቀድመን ማሰብ አንወድም ይባላል። ውሸት ነው! ለሞት እንደኛ የሚዘጋጅ ሕዝብ ካለ አምጡና አሳዩኝ። በየወሩ የዕድር መዋጮ እንከፍላለን። ድንኳኑ ተገዝቷል፤ አግዳሚ ወንበሩ ተቆጥሯል፤ ብረት ድስቱ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ማን ቀብር እንደሚያስፈጽም፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል፣ ድንኳኑ በስንተኛው ቀን እንደሚነሳ፣ የቀረ ሰው ስንት ብር እንደሚቀጣ ሁሉም በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት ይገኛል። ያልተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ቤቱ የማን እንደሚሆን!

እሱን ያነሳ ሰው ሟርተኛ ነው። እስቲ ወላጅ አባትዎን ‹‹አባባ፣ ጠበቃ ልጥራልዎትና ኑዛዜ ያድርጉ›› ይበሏቸው። ‹‹ሞቴን ተመኘህ?›› የሚል መልስ ይጠብቅዎታል። እናት ከሆኑ ደግሞ ‹‹በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው?›› ብለው ያለቅሳሉ። እኒሁ እናት ግን የዕድር ደብተራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ናቸው። ለድንኳኑ በየወሩ መክፈል ጨዋነት፣ ለቤቱ አንድ ቀን መነጋገር ሟርት የሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ስለዚህ በእኛ አገር የውርስና የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ የሚጠራው ከአርባው በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ከለቅሶ በኋላ የሚቀጠረው ጠበቃ፣ ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም፣ የጠብ ጠበቃ ነው። ሥራው አንዱን ልጅ ወክሎ ሌላውን ልጅ ማሸነፍ ነው። ቤተሰብን ከጠብ የሚያድነው ጠበቃ ግን ሟቹ ገና ሟች ሳይሆን፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ልቡናው ሳይደክም የሚቀጠረው ነው።

‹‹ባህላችን አይደለም›› የሚለኝ አይጠፋም። ቃሉን ራሱን እንመርምረው። ለንስሐ አባት ኃጢአትን መናገርም መናዘዝ ነው፤ ሀብትን ለልጆች ደልድሎ ማለፍም መናዘዝ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠሩት፣ ሰው ከነፍሱም ከንብረቱም ጋር ሒሳቡን ዘግቶ መሄድ አለበት ብለው ስላመኑ ይመስለኛል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚደነግጉ አንቀጾች አሉት። ባህላችን ኑዛዜ ነው። ዝምታውን ያመጣነው እኛ ነን።

የዝምታው ዋጋ ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ይዋል። የአባታቸውን አስከሬን በአንድ ትከሻ የተሸከሙ ወንድማማቾች በሁለት ጥግ ቆመው ያገኛቸዋል። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል። ካልተስማሙ ውርስ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ሀብቱን፣ ዕዳውንና ወራሹን ለይቶ ሪፖርት ያቀርባል። በሪፖርቱ ላይ ተቃውሞ፣ በተቃውሞው ላይ ውሳኔ፣ በውሳኔው ላይ ይግባኝ ይከተላል። በመጨረሻም ተካፍለው የማይገቡበትን ቤት ሐራጅ ይሸጠዋል። እናት ስትጋግርበት የኖረችው ማዕድ ቤት በካሬ ሜትር ተለክቶ ለማያውቁት ሰው ያልፋል። ገንዘቡ ይከፋፈላል፤ ልጆቹ ግን ከዚያ በኋላ በሠርግም አይጠራሩም። ያባት ዕዳ ለልጅ ሲባል የባንክ ዕዳ ብቻ ይመስለናል። ሳይናገሩ ማለፍም ዕዳ ነው።

‹‹እሺ ገባን፤ ግን ለአንድ ወረቀት ጠበቃ ምን ያደርጋል?›› ይላል ሌላው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ጥቂት ብር ሰጥቶ ያስጽፋል፤ ወይም ራሱ ይጽፋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ውርሳችንን ዛሬም የሚገዛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኑዛዜ ቀልድ አያውቅም። በሰፈሬ የማውቃቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከአንድ ማዕድ የበሉ። ኑዛዜያቸውንም አብረው በአንድ ወረቀት ላይ አደረጉና አብረው ፈረሙ። ሕጉ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ ያደረጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው ይላል። እንግዲህ ኑዛዜያቸውን ያፈረሰው ፍቅራቸው ነው ማለት ነው! አንድ ጠበቃ ቢያማክሩ ‹‹ወረቀቱን ሁለት አድርጉት›› ይላቸው ነበር። ይኸው ነው።

ወጥመዱ ይህ ብቻ አይደለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው መጻፍ አለበት። ምስክርነቱ በዳኛ ወይም ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ሲሆን ነው ቁጥሩ የሚቀንሰው። ‹‹ምስክሮቹ ኋላ ይፈርሙበታል›› ብሎ ነገር የለም፤ ወዲያው ነው። ሰው ብቻውን በገዛ እጁ የጻፈውን ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ ካላስቀመጠው ዋጋ ያጣል። ቁም ሳጥን ውስጥ ከጋቢ ሥር የተደበቀው ወረቀት እንዲህ ሆኖ ይቀራል። አልጋ ላይ ሆኖ ለልጅ የሚነገረውስ? በቃል የሚደረግ ኑዛዜ 2 ምስክር ይፈልጋል፤ ተናዛዡ ከተረፈም በ3 ወር ይሻራል። ሊናዘዙበት የሚቻለውም ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚትነት፣ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ነው። 500 ብር! ‹‹አባባ በአንደበታቸው ቤቱን ለኔ ብለዋል›› እያለ ለዓመታት የሚሟገተው ሰውዬ ይህን ማን ይንገረው? ልጁን የሚነቅል አባትም ‹‹ነቅዬዋለሁ›› ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ ምክንያቱን በኑዛዜው መጻፍ አለበት።

የሚስት ጉዳይ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ወንድ ‹‹እኔ ብሞት ባለቤቴ አለች፤ ሁሉም የእሷ ነው›› ብሎ በሰላም ይተኛል። ይንቃ! በሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም የሚስቱ አይደለም። የጋራ ከሆነው ሀብት ግማሹ ድሮም የራሷ ነው። የእሱ ግማሽ ግን ለልጆቹ እኩል ይተላለፋል፤ ልጅነቱ የተረጋገጠ ከሆነ ማንም የማያውቀው ልጅም አብሮ ይቆጠራል። ልጅ ከሌላቸው ደግሞ ድርሻው ወደ ሟች ወላጆች፣ እነሱ ከሌሉም ወደ እህት ወንድሞቹ ይሄዳል። አብራው ጭቃ ያቦካች፣ ቆርቆሮ የቆጠረች ሴት፣ ከቀብር ማግሥት ከአማቾቿ ጋር የግማሽ ቤት ባለቤት ሆና ትቀራለች። ‹‹የኛ ቤተሰብ እንዲህ አያደርግም›› ይላሉ። የሁሉም ሰው ቤተሰብ እንዲህ አያደርግም፤ እስኪያደርግ ድረስ።

ለዚህ ነው የቤተሰብ ሕግና የውርስ ሕግ ተነጣጥለው የማይታዩት። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። የትኛው የጋራ፣ የትኛው የግል ነው? ከጋብቻ በፊት የተሠራው ቤት፣ በጋብቻ ውስጥ ሰርቪስ ሲጨመርበት ምን ይሆናል? ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩትስ? ይህን ሳያጣሩ ኑዛዜ መጻፍ የሰው ንብረት መናዘዝ ነው። የቀበሌ ቤትን ‹‹ለልጄ አውርሻለሁ›› ብሎ የሚጽፍ ሰውም አለ፤ ተከራይ መሆኑን ረስቶት!

‹‹ሽማግሌ እያለ ጠበቃ ምን በወጣው!›› የሚሉም አሉ። ሽማግሌ ክቡር ነው፤ አልጋፋም። ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው የሟችን ሐሳብ ሲያውቅ ነው። እንዲያውም ሽማግሌውን ከ4ቱ ምስክሮች አንዱ አድርጉት። ያኔ ኋላ ሲናገር የሚያስታርቀው በግምት አይሆንም።

‹‹ጠበቃ ውድ ነው›› የሚለውን ግን አልሰማም። ቤት ስንሸጥ ለደላላ ኮሚሽን ያለ ማቅማማት እንቆጥራለን። ለልጃችን ሠርግ ለአንድ ቀን አበባ የምናወጣውን እግዜር ይወቀው። ለአንድ ቀን ምክር የማንከፍለውን ገንዘብ፣ ልጆቻችን ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ እየተደራደሩ ይከፍሉልናል፤ ያውም ለሁለት ወገን ጠበቃ!

ጠበቆቻችንንም ዝም ብዬ አላልፍም። ክርክር እንጂ ምክር ሥራ የማይመስለው ጠበቃ ሞልቷል። ኑዛዜ ለማስጻፍ የመጣን ሽማግሌ በአሥር ደቂቃ አንድ የተለመደ ቅጽ ሞልቶለት የሚሸኝ አለ። ከእነዚህም የባሰው ያለ ፈቃድ ‹‹እኔ እጨርስልሃለሁ›› የሚለው ጉዳይ ገዳይ ነው። ስለዚህ ስትቀጥሩ ፈቃዱን ጠይቁ፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠራ ጠበቃ ፈቃዱን የሚያገኘው ከፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ ላሳይ ብሎ ቅር የሚለው ካለ ጥላችሁት ውጡ። ክፍያውንና የሚሠራላችሁን ሥራ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚጠይቃችሁን አዳምጡ። ጥሩ የውርስ ጠበቃ አይፎክርም፤ ይጠይቃል። ስንት ልጆች አሉዎት? ከዚህ ትዳር ውጪስ? ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳ አለብዎት? የሚጦሩት ሰው አለ? እነዚህን ሳይጠይቅ ብዕር ያነሳ ጠበቃ የነገ ክስ እየጻፈ ነው።

አንድ ምልክት ልጨምር። ጥሩው ጠበቃ ‹‹ልጅዎ ትንሽ ውጪ ይጠብቁን›› ይላል። ጠበቃውን ፈልጎ ያመጣው፣ ታክሲ የከፈለው፣ ‹‹አባባ እንዲህ ነው የሚፈልጉት›› እያለ የሚያስተረጉመው ልጅ ደግ ሊሆን ይችላል። ጠበቃው ግን የእሱ አይደለም፤ የአባትዬው ነው። ልጁ ደግ ከሆነ ወጥቶ ይጠብቃል። አልወጣም ካለ ደግሞ ኑዛዜው ለምን እንዳስፈለገ እሱ ራሱ አስረድቶናል።

ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ስትጠይቁ ‹‹ለኔ ምን ይደርሰኛል?›› ሳይሆን ‹‹እንዳንጣላ ምን ላድርግ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ እስክትጠየቁ አትጠብቁ። በሚቀጥለው ወር የዕድሩን መዋጮ ልትከፍሉ ስትወጡ ይህን አስቡ። ዕድርተኛው ለሦስት ቀን የሚሆን ድንኳን አዘጋጅቶላችኋል፤ ለእሱ አትጨነቁ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ላለው ግን ዕድሩ ደንብ የለውም። እሱን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ ያውም ዛሬ፣ በጤናችሁ።